የከሳው ድርሻ

ዋርሳሜ ደም እየተፋ ሞተ። እናቱ ባርኒ ግን «በግመል ወተት መርዛ ገደለችብኝ!» ብለው ምራታቸውን ኤብላን ከሰሱ። ዋጂር ከተማ ዳር፣ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚዎች መድኃኒት እስኪጨርሱ በሚሰፍሩበት መንደር፣ ነርሱ ኬሮው የሟቹን የመድኃኒት ካርድ ይዞ የጎጆው በር ላይ ቆሟል። ኤብላ ከታሰረች የሁለት ዓመት ልጇን ማን ያሳድጋታል?

ለምርመራ የመጣችው ፖሊስ፣ ሳጅን ሁቡን፣ የወተቱን ዕቃ አሸተተች፤ ከሟቹ ራስጌ ያለውን የሽንት ጣሳም ዘንበል አድርጋ አየች።

«ነርስ፣ መድኃኒቱን ይውጥ ነበር?»

«በየማለዳው! ካርዱ ይኸው፣ አንድ ቀን አልጎደለም።»

«ሲውጥ አይተሃል?»

ኬሮው ካርዱን ዝቅ አደረገ። «መጀመሪያ ሁለት ወር፣ አዎ። ከዚያ ወዲህ ባለው ስልሳ ቀን ግን ለእናትየው እየሰጠሁ ምልክት አደርጋለሁ።» እናት ትዋሻለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ራሱን በዚህ ሊያጽናና ሞከረ፤ አልሆነለትም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ሮብሌ፣ በሚመጣው ወር ሙሽራ፣ ጥግ ይዞ እንባውን በነጭ ሻሹ ይጠርጋል። ሳጅኗ ሻሹን ተቀብላው ሁሉንም ጎጆው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከዚያው ወተት ሕፃኗም ጠጥታለች፤ ይኸው ትሮጣለች። መርዝ የለም። ይህ መድኃኒት ደግሞ የዋጠውን ያጋልጣል፤ ሽንቱን፣ እንባውን ሳይቀር ብርቱካን ያስመስለዋል። የዋርሳሜ ሽንት እንደ ውሃ ነው። የሻሹን ጠርዝ ግን እዩት! ሮብሌ፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ እንዳይሰማ በሽታህን ደብቀሃል። ክኒኑን ማን ሰጠህ?»

ሮብሌ እናቱን አየ።

«እኔ ነኝ!» ባርኒ መሬቱን በመዳፋቸው መቱ። «ዋርሳሜ ሳሉን ተወ፣ ወፈረ። ሮብሌ ከሳ። በድርቅ ወተት ለከሳው አይደል የሚሰጠው? እንዲያ አድርጌ ነው ያሳደግኳቸው! ዋርሳሜም ለወንድሜ ብሎ እሺ አለኝ። ሳሉ ሲመለስበት ብርድ ነው አልኩ።»

«ታዲያ ኤብላን ለምን ወነጀሏት?»

«እኔ ገደልኩት ማለት አቃተኛ!» ወደ ምራታቸው ዞሩ። «ልጄ፣ ሮብሌም አሁን ወፍሯል። ሕፃኗ መሳል ጀምራለች። የቀረውን ክኒን ከነገ ለሷ ላደርገው ነበር።»

ኤብላ ልጇን ከመሬት አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

በማግስቱ ሮብሌ በሰው ፊት መጥቶ አክታውን ለምርመራ ሰጠ። ኤብላ ሕፃኗን አቅፋ ተከተለችው። ኬሮው ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም፤ አዲስ ካርድ አወጣ።

«መርምራት» አለችው። «መድኃኒት ካስፈለጋት ስትውጥ በዓይንህ እያየህ ጻፍ። ለባሌ ሳታይ የጻፍከው ስልሳ ቀን ይበቃናል።»