ዓርማው የወጣበት ቅጽ

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በዘይት ፋብሪካው ግቢ ጩኸት ተሰማ። የፋብሪካው በያጅ የተሰነጠቀ ታንክ ሊበይድ ገብቶ በዚያው ቀርቶ ነበር። የፖሊስ መርማሪዋ አምስት ሰዓት ላይ ስትደርስ አስከሬኑ በሸራ ላይ ተጋድሟል። ቁስል የለበትም፤ የገደለው ታንኩ ውስጥ የታመቀው ጋዝ መሆኑን ሐኪሙ ነገራት። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ቱታውን አየች። እስከ አንገቱ ድረስ ተቆልፏል፤ የደረት ኪሱ ብቻ ተከፍቷል።

«ማን ነው ያወጣው?»

«እኔ ነኝ» አለ የደህንነት ኃላፊው። «ጭምብል አድርጌ ቀድሜ ወረድኩ። አልደረስኩለትም።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስገብቶ የቅጾቹን ማህደር ዘረጋላት።

«ነገሩ ግልጽ ነው። ታንክ ውስጥ ለሚገባ ሰው ቅጽ ይወጣለታል። የዛሬው ይኸውልዎት። ‹ጋዙ አልተለካም፤ መግባት ክልክል ነው› ይላል፤ ሁለት ተኩል ላይ የደህንነት ኃላፊው ፈርሞበታል። ሟቹ ትእዛዝ ጥሶ ነው የገባው። ለሠራተኛውም ይህንኑ ነግሬያለሁ። ምርመራውን ዛሬውኑ ቢዘጉልን ጥሩ ነበር።»

«የሚዘጋበትን ቀን ለእኔ ይተዉልኝ» አለች መርማሪዋ።

በዚህ መሀል የሟች ሚስት ዘበኛውን ገፍታ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ባሌ ያለ ወረቀት ታንክ ውስጥ አይገባም። ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ ቆልፎ ነው የሚገባው። አሥራ አንድ ዓመት ቱታውን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ የረሳውን ወረቀት እያወጣሁ።»

«እህቴ፣ ሐዘንሽ ይገባኛል…» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሐዘኔን ለእኔ ተወው። እኔ የመጣሁት ያጠፋኸውን ስሙን እንድትመልስ ልጠይቅህ ነው።»

መርማሪዋ ማህደሩን ወደ ኋላ ታገላብጥ ጀመር። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በወጡት ቅጾች ሁሉ፣ የፋብሪካው ዓርማ መሆን በሚገባው ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን አለ። የዛሬው ላይ ግን የሱፍ አበባው ከነቅጠሉ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። የኮምፒውተር ባለሙያዋን አስጠራች።

«ይህ ዓርማ የት ጠፍቶ ነው የከረመው?»

«ሥዕሉ መጀመሪያውኑ ቅጹ ውስጥ አልነበረም» አለች ባለሙያዋ። «ፕሮግራሙ ቅጽ ባወጣ ቁጥር ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር የሚያመጣው። ያ ኮምፒውተር ከሁለት ሳምንት በፊት ተነቅሎ ሲወሰድ ፕሮግራሙ ሥዕሉን አጣው፤ ባዶ ሳጥን ማተም ጀመረ። ሁሉም ጥፋቱን በፕሪንተሩ እያሳበቡ ቀለም ሲቀይሩ ከረሙ። እኔ ዛሬ ሥዕሉን ራሱን ቅጹ ውስጥ አስገባሁት።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«አራት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ በዚሁ ኮምፒውተር ላይ። ናሙና አትሜ ለሥራ አስኪያጁ እያሳየኋቸው ሳለ ነው ጩኸቱ የተሰማው። የተሞላው መረጃ የጋራ ነው፤ ቅጹ ግን በየኮምፒውተሩ ለየብቻ ይስተካከላል። ሌሎቹን ገና አልነካኋቸውም።»

«የተሞላ ቅጽ ተመልሶ ይቀየራል?»

«ይቀየራል። ሰዓቱንም የሚሞላው ሰው ነው።»

«እንግዲህ ነካክታው ከሆነ እሷን ይጠይቋት» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ባለሙያዋ ፊቷን አዞረችበት። «ይጠይቁኝ። ጩኸቱን ሰምተን አብረን ነው የሮጥነው፤ ፖሊስ እስኪመጣም ከአጠገብዎ አልተለየሁም። ያልሠራሁትን አልሸከምም።»

ሥራ አስኪያጁ ሊክድ አልቻለም።

መርማሪዋ ወደ ደህንነት ኃላፊው ክፍል ሄደች።

«የዛሬውን ቅጽ የት አተሙት?»

«እዚሁ፣ በራሴ ኮምፒውተር። ሁለት ተኩል ላይ።»

«እስቲ ይድገሙልኝ።»

ሰውየው አተመ። ባዶ ሳጥን ይዞ ወጣ። መርማሪዋ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችው።

«አምቡላንስ የጠሩት ከየት ሆነው ነው?»

«ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ። ስልክ ያለው እዚያ ብቻ ነው።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ማንም አልነበረም። ሁሉም ታንኩ ጋ ነበሩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሰበሰበቻቸው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ይህ ቅጽ ሁለት ተኩል ላይ ታተመ ተባለ» አለች። «በዚያ ሰዓት ግን በፋብሪካው ውስጥ ዓርማ ማተም የሚችል ኮምፒውተር አልነበረም። ስለዚህ የታተመው ከአራት ሰዓት በኋላ፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው። ዓርማውን የሚያወጣው ደግሞ የዚህ ክፍል ኮምፒውተር ብቻ ነው። ከጩኸቱ በኋላ እኔ እስክደርስ ድረስ እዚህ ብቻውን የገባ አንድ ሰው አለ፤ ስልክ ሊደውል የመጣ። ታንኩ ውስጥ ቀድሞ ወርዶ የሟቹን ኪስ መክፈት የቻለውም እሱ ነው። በሟቹ ኪስ ውስጥ የነበረው ቅጽ ምን ይል ነበር?»

የደህንነት ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች አየ።

«‹ተለክቷል፤ ይግባ› ይላል» አለ። «አቃጠልኩት። የጋዝ መለኪያው ከተበላሸ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ሳልለካ ፈረምኩለት። እሱም ፊርማዬን አምኖ ገባ።»

«ለእኔ አልነገርከኝም» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ነግሬህ ነበር። ሥራ እንዳይቆም ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እርስዎም ጣቢያ መጥተው ቃል ይሰጣሉ» አለችው መርማሪዋ።

የሟች ሚስት ተነሳች። «ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አለ። ትእዛዝ ጥሶ ሞተ ብለህ ለሠራተኛው የነገርከው አንተ ነህ። ውጣና አስተካክል።»

«ደብዳቤ እንለጥፋለን።»

«ደብዳቤ አልፈልግም። በአፍህ።»

ሥራ አስኪያጁ መርማሪዋን አያት። እሷ በሩን ከፍታ ቆመች።

አሥር ሰዓት ላይ የሚገባውና የሚወጣው ተረኛ ግቢው ውስጥ ተሰብስቦ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ በያጁ ምንም ትእዛዝ እንዳልጣሰ፣ ፈቃድ ተሰጥቶት እንደገባ ተናገረ።

«ኋላ ያሉት አልሰሙም» አለች ሚስቲቱ። «ድገመው።»

ደገመው።