የታፈነው ማርሚታ

በትሮያን ከተማ ዳርቻ ያለው የዝላትኮ ግቢ ድሮ ጸጥታ አያውቅም ነበር። አባት የሞተር ጭስ ማውጫውን ማርሚታ ይበይዳል፤ ልጁ አሰን ሞተር ሳይክል ይቀባል፤ እናት ኔቨና ከወጥ ቤት ሆና «አደነቆራችሁኝ እኮ!» እያለች ትስቃለች። ካንሰር የሚሉት ጠላት ያንን ሳቅ ነጠቃቸው። ኔቨና አልጋ ላይ በወደቀች ጊዜ አሰን ሞተሩን እሳት የመሰለ ቀይ ቀብቶ፣ ድምፅ የሚያፍነውን የማርሚታውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ፣ እያስጓራ ግቢ ገባ። ደስ እንዲላት ብሎ ነበር... ምስኪን! እርሷ ግን በድንጋጤ ተንዘፈዘፈች፤ በማግስቱም አረፈች። ዝላትኮ ከቀብር እንደተመለሰ በልጁ ላይ ጮኸበት፦ «ገደልካት! የዚያን ሞተር ድምፅ ሁለተኛ ደጄ ላይ እንዳልሰማ!»

አሰን ሄደ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉን ማን ይመልሰው? ዝላትኮ ሳይውል ሳያድር ተጸጸተ፤ ግን ኩራት ክፉ ነው፣ ልጁን አልጠራውም። ብቻውን ያበስላል፣ ብቻውን ይበላል፣ ከሬዲዮው ጋር ይጨቃጨቃል። መንገድ ላይ ሞተር ባጓራ ቁጥር ማንኪያውን ጥሎ ወደ በሩ ይሮጣል። የልጁን ማርሚታ ከሺህ መሃል ይለየዋል። አይደለም... አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

የኔቨና ሁለተኛ ሙት ዓመት ዕለት በሩ ተንኳኳ። ዝላትኮ እንባውን ሰው እንዳያይበት ከውስጥ ሆኖ፣ «ማንንም ማየት አልፈልግም! ሂድልኝ!» አለ። የመጣው ሰው ሲሄድም አልተሰማውም።

ወዲያው ጎረቤቱ ዶንካ የሙት ዓመቱን ንፍሮ ይዛ ገባች።

«አንተ ሰው፣ ልብህ ድንጋይ ነው? በእናቱ ቀን ልጅህን ታባርራለህ?»

«የቱን ልጄን? ሞተሩን መቼ ሰማሁ!»

«እንዴት ትሰማለህ! ማርሚታውን አፍኖት፣ ቀዩን አጥፍቶ እናቱ ትወደው የነበረውን ሰማያዊ ቀብቶት መጣ እንጂ። ‹አባዬ ድምፁን እንዳልሰማ ብሎኛል› አለኝ። እያለቀሰ ሄደ እኮ!»

ዝላትኮ በካልሲው ወጥቶ ሮጠ። በየት በኩል እንደሄደ በምን ይወቅ? የሚከተለው ድምፅ የለም! በዚያው ሰዓት አሰንን ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ ገደለው። ሾፌሩ «በድንግል ማርያም፣ ሲመጣ አልሰማሁትም!» እያለ ያለቅስ ነበር።

በቀብሩ ዕለት የአሰን ጓደኞች ሽማግሌውን አክብረው፣ ሞተሮቻቸውን አጥፍተው እየገፉ መጡ። ዝላትኮ ከተደፋበት የሬሳ ሳጥን ላይ ቀና አለ።

«ምነው ዝም አላችሁ ልጆቼ? ሞተሩን አስነሱት! አስጩሁት! እባካችሁ... ልጄ ይስማኝ!»

ቄሱ ጸሎታቸውን አቋረጡ። ሞተሮቹ ባንድ ላይ ሲያጓሩ የመቃብር ቦታው ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ፤ ማርሚታዎቹን የበየደው እርሱ ነውና አንድ በአንድ ለያቸው። የአንዱ ድምፅ ግን የለም።

ወይ ዕጣ! እምቢ ያለ ልጅ ስንቱን አባት አሳዝኗል፤ ያ ልጅ ግን የአባቱን ትእዛዝ አንዲት ቀን እምቢ ቢል ኖሮ ዛሬ በሕይወት ነበረ።