ከጎርፉ የቀደመ ጭቃ

ያመነ ይመን፣ ያላመነ ይሳቅብኝ... እኔ ግን ነበርኩበት።

ባለፈው ክረምት ነው። ነሐሴ ዘጠኝ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት። ቦታው መተማ ቆላ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር ያለች የከብት አርቢዎች መንደር።

ጌች እባላለሁ። ሥራዬ የወንዝ ቁጥር መሰብሰብ ነው። በየወንዙ ዳር ቁጥር የተጻፈበት የብረት መለኪያ ተተክሏል። በየመንደሩ ደግሞ ጠዋትና ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወርዶ ውሃው ስንት እንደደረሰ የሚያነብ ሰው አለን። ያነባል፣ ደብተር ላይ ይጽፋል፣ ለእኔ ይደውላል።

የዚያች መንደር አንባቢ ሰርክአዲስ ትባላለች። ሌሎቹ ዝናብ ሲሆን ቤታቸው ተቀምጠው ገምተው ይደውላሉ፤ አውቅባቸዋለሁ። እሷ ግን ወባ እያንቀጠቀጣት እንኳ ትወርዳለች። እስከዚያ ቀን ድረስ፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቁጥር አልዋሸችኝም።

ይህችን ሴት ነው እኔ በሰው ፊት ውሸታም ያልኳት።

ያን ዕለት ጠዋት ውሃው አንድ ሜትር ከአርባ ነበር። ለነሐሴ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ጻፈች፣ ደወለችልኝ፣ ከዚያ ለባሏ ቁርስ ይዛ ወደ ረባዳው መስክ አለፈች።

ባሏ ቢሻው እዚያ ሠላሳ አንድ ከብት ይጠብቃል። አስራ ሁለቱ የራሳቸው ናቸው፤ የቀሩት ለክረምቱ ከደጋ የወረዱ የሰው ከብቶች።

ምሳ ዕቃውን ልታቀብለው ስትል ዓይኗ ግራሩ ላይ አረፈ።

ግንዱ ላይ መስመር አለ።

ከመስመሩ በታች ጭቃ ተለቅልቋል። ከመስመሩ በላይ ንጹሕ ነው። በቅርፊቱ ስንጥቅ ውስጥ ሣር ተወትፏል።

ሰርክአዲስ ይህን ታውቀዋለች። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ዛፍ ላይ የሚቀረውን የጭቃ መስመር ፈልጋ እንድትለካ ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ግን ጎርፍ አላለፈም... ወንዙ ያን ዛፍ እንዲነካ ስድስት ሜትር መሙላት አለበት።

ሁለተኛውን ግራር አየች። አለው። ሦስተኛውም አለው። ሜትሯን ዘርግታ ለካች። ሦስቱም ላይ ከመሬት አንድ ሜትር ከአርባ አራት ነው። ተጠግታ ስትቆም መስመሩ አፏ ላይ ደረሰ።

በጣቷ ነካችው።

እርጥብ ነው።

«ቢሻው...» አለች ቀስ ብላ። «ይሄ ትናንት ነበረ?»

«ምኑ?»

«ጭቃው።»

«ከብቶቹ ታከውበት ይሆናላ።»

«ሦስቱም ላይ? በአንድ ልክ?»

«ኧረ በይ... ወባሽ ተነሣ እንዴ?»

ያኔ ነው ከብቶቹን ልብ ያለቻቸው። አንዱም አይግጥም። ሁሉም ፊታቸውን ወንዙ ወደሚመጣበት አዙረው፣ አፍንጫቸውን ሽቅብ ቀስረው ቆመዋል።

«ምን ሁነው ነው?»

«እንጃ። ከትናንት ጀምረው እንዲህ ናቸው።»

ሰርክአዲስ ከብት አፍንጫውን እንዲያ ሲይዝ ያየችው ጥልቅ ውሃ ሲሻገር ብቻ ነው።

ከብቱን ማሸሽ የሚቻለው ወደ ጉብታው ነው። ጉብታው ደግሞ የአያ አዛናው ሰሊጥ ነው። እየሮጠች ሽማግሌው ዘንድ ደረሰች።

«አያ፣ ስለ ማርያም፣ ለአንድ ቀን ብቻ ከብቱን ያሳልፉልን።»

«ወንዙ ስንት ሁኗል?»

«አንድ... ከአርባ።»

ሽማግሌው ሳቁ። «በአንድ ከአርባ ሰሊጤን ላስበላ? መሥሪያ ቤትሽ ጎርፍ ነው ይበልና እኔው ራሴ መንገዱን እከፍትልሻለሁ።»

አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ጌች... ስድስት ሜትር።»

«ምን?»

«ስድስት ሜትር ሞልቷል። ለአያ አዛናው ደውልላቸው። አሁን።»

አመንኳት። ማን አያምናትም? ደወልኩ። አያ አዛናውም እንደ ቃላቸው አጥሩን ከፈቱ፣ ከብቱ ወደ ጉብታው መውጣት ጀመረ።

እኔ ግን በዓይኔ ካላየሁ አይሆንልኝም። ሞተሬን አስነሥቼ ስምንት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ወንዙ አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት። ጭራሽ ቀንሷል።

ሰርክአዲስ እጄን ይዛ ወደ ግራሩ ጎተተችኝ።

መስመሩን አይቻለሁ። አልክድም። አይቼዋለሁ።

«የቆየ ነው» አልኳት።

«ንካው» አለችኝ።

አልነካሁም።

ንዴቴ ዓይኔን ጋረደው። ሰው በተሰበሰበበት ደብተሯን ከእጇ ነጠቅኩ። ውሸታም አልኳት። ጉልበቴ ላይ ወደቀች።

«ደብተሩንም ውሰድ፣ ሥራውንም ውሰድ... ብቻ ዛሬን ቢሻው አይውረድ።»

ለአያ አዛናው ሐሰት ነው አልኳቸው። ከብቱ ተመለሰ። ቢሻው ከሃፍረቱ የተነሣ ሚስቱን ቀና ብሎ ሳያያት ከብቱን ነድቶ ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ድምፅ ሰማን።

መኪና የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ደጋ የዘነበው ዝናብ ነው... ደራሽ ውሃ። ሙሉ ዛፍ ከነሥሩ ተሸክሞ ደረሰ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ረባዳው መስክ ጠፋ፤ የሦስቱ ግራሮች ቅርንጫፍ ብቻ ቀረ። ሰርክአዲስ ድምፅዋ እስኪዘጋ ድረስ ቢሻውን ጠራች። ውሃው ውስጥ እንዳትገባ ለሦስት ያዝናት። ግራ ክንዷን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፤ ስታየኝ የነበረውን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ወደ አስራ አንድ ሰዓት ውሃው ጎደለ። ወረድን።

ግራሮቹ ቆመዋል። አንዱም ላይ የጭቃ መስመር የለም። ያ ሁሉ ውሃ አልፎባቸው ግንዳቸው ንጹሕ ነው።

ከዚያ... ከመስኩ ወዲያ ጫፍ ፉጨት ሰማን።

ከብቶቹ እየመጡ ነው። ቆጠርናቸው። ሠላሳ አንድ። ቢሻው ከኋላቸው በትሩን ትከሻው ላይ ጥሎ ይከተላል።

ሰርክአዲስ ሮጠች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግን ቆመች።

ከብቶቹ በደረቅ ጭቃ ተለብጠዋል። ንጹሕ የሆነው አፍንጫቸውና ቀንዳቸው ብቻ ነው። ቢሻውም እስከ አንገቱ ድረስ ጭቃ ነው። ከአንገቱ በላይ ግን አንዲት ጠብታ አልነካችውም። ጸጉሩ ላይ አቧራ አለ። መስመሩ አንገቱን ዙሪያውን ከቦታል።

«ምነው ተሰበሰባችሁ?» አለ።

«ጎርፉ...» አልኩት።

«የምን ጎርፍ? እዚሁ ነበርን እኮ። ተማም ነን» አለ፣ ደኅና ነን ለማለት፣ ሱዳን ሲሠራ በለመደው አነጋገር።

ሰው ሁሉ እግዚአብሔርን አመሰገነ። እኔም ደብተሩን መልሼ ይቅርታ ጠየቅኳት። ተቀበለችኝ። እልል የተባለበት ቀን ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት እንድመጣ ላከችብኝ።

ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። በሩ ላይ ጠብቃኝ ደብተሩን ገለጠችልኝ። ከወንዙ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር መጻፍ ጀምራለች። ጠዋትና ማታ፣ አስራ ሁለት ሰዓት። አንድ ከአርባ አራት። አንድ ከአርባ አራት። አንድ ከአርባ አምስት። አንድ ከአርባ ሰባት...

«ይታጠባል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ቢሻውን በሳሙና፣ በአመድ አጥበዋለሁ። ሲነጋ ጭቃው ተመልሶ አለ። ከፍ ብሎ።»

«ከብቶቹስ?»

«ትንሿ ጊደር ባለፈው ማክሰኞ በረቱ ውስጥ ሞተች። መሬቱ ደረቅ ነበር። ጭቃው አፍንጫዋ ላይ ደርሶ ነበር... ስናገላብጣት ከአፏ ውሃ ወጣ። ሐሙስ ሁለት ጥጃ። ትናንት አራት።»

«ቢሻው ያውቃል?»

«አይታየውም። አያመውም። ሥራውን ይሠራል።»

የመጨረሻውን መስመር አነበብኩ። የዛሬ ጠዋት። አንድ ከሃምሳ አምስት።

«ምኑ ላይ ነው?»

«ከታችኛው ከንፈሩ ሥር» አለች።

አስገባችኝ። ቢሻው ከእርሻ መጥቶ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል። ከራሱ ሥር ሁለት ትራስ፣ ከትራሱ ሥር ጋቢ፣ ከጋቢው ሥር ግማሽ ጆንያ ማሽላ አለ። ተቀምጦ የተኛ ሰው ሆኗል። ይህ እንደማይጠቅም እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ።

«ራሱን ያዝልኝ» አለችኝ። «ቀስ... እንዳይነቃ።»

በሁለት እጄ ያዝኩት። ከባድ ነበር። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችና ከሥር አስገባችው። ከፍታውን በዓይኗ ለካች። ከዚያ ሌላ የሚታጠፍ ነገር ፍለጋ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። አልቋል።

አንድ እጄን ለቅቄ ጃኬቴን አወለቅኩና ሰጠኋት።