በካሴት የማይሰማ ድምፅ

ሰዓደት የበርበሬውን ጥቅል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና አንድ የቆየ የመንዙማ ካሴት ጠየቀች።

«አልቋል፤ ሰኞ ተመለሺ» አላት ፉርቃን።

ሰኞ ማለት የተከተለሽ የለም ማለት ነው። ሄደች። ጥቅሉን ፈትቶ፣ ከበርበሬው መሃል ጥፍር የምታክል ሜሞሪ ካርድ አወጣ።

ፉርቃን እውነተኛ ስሙ አይደለም። አንዋር መስጊድ ጀርባ ያለችው የዘፈን መቅጃ ሱቅም የደኅንነቱ መሥሪያ ቤት ሽፋን ናት። ሰፈርተኛው ያረጀ ካሴቱን ያመጣል፤ እሱ ወደ ሲዲ ይገለብጥለታል። ለመሥሪያ ቤቱ ሲሆን ግን ሥራው ይገለበጣል። ከካርዱ ጥርት ያለውን ድምፅ ወደ ካሴት ያወርዳል፤ አለቃው ጋሼ ማዕረግ ከካሴት ሌላ አይገባኝም ይላሉና። ሰው ሁሉ ወደፊት ሲሄድ እሱ ወደኋላ ሲቀዳ ዓመታት አለፉ። ታክቶታል።

ሰዓደት በርበሬ በረንዳ፣ ሐሰተኛ የሕፃናት መድኃኒት የሚያስገባ አንድ ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ናት። ጋሼ ማዕረግ የሚያውቋት «ሚጥሚጣ» በሚለው የሥራ ስሟ ብቻ ነው።

ካሴት አይቸኩልም። አንድ ሰዓት የተወራውን ለመቅዳት አንድ ሰዓት ይፈጃል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ነጋዴው ስለሚገባው ሽሮፕ ያወራል። አብሮት አንድ ሰው አለ። አይናገርም፤ ሲጠየቅ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል።

ከዚያ ሰውዬውን አስነጠሰው።

የበርበሬ በረንዳን አየር ያልለመደ አፍንጫ አይችለውም።

«ይማርዎት» አለ ነጋዴው።

«ያኑርህ።»

ሹክሹክታ ነበር። ያን ሁሉ ሰዓት አፉን የዘጋ ሰው፣ ልጅ ሆኖ የለመደው መልስ አመለጠው።

ፉርቃን ካሴቱን መልሶ ሰማው። ድምፁ በክሩ ፉጨት ተውጧል። ካርዱን ሰማ። ጥርት ብሏል።

ጋሼ ማዕረግ ናቸው።

አዘነ፤ ከመቆጣቱ በፊት አዘነ። ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ በልቡ አንቱ ሊለው አልቻለም። ቅጂው ላይ እንደሚሰማው፣ ያን ቀን እዚያ ክፍል ሻይ ይዛ የገባችው ሰዓደት ብቻ ናት። ማዕረግ መቀረጹን ካወቀ አያሳድራትም።

ስልኩ ጠራ። «ካሴቱን እኔው መጥቼ እወስዳለሁ» አለ ማዕረግ። «ሚጥሚጣንም ታስተዋውቀኛለህ።»

«እሺ ጋሼ።»

ዕለቱ ጁምዓ ነበር። መንገዱን ሰጋጆች ሞልተውታል፤ የማዕረግ መኪና ቶሎ አታልፍም። ፉርቃን በጓሮ ወጥቶ በርበሬ በረንዳ ደረሰ።

«አሁኑኑ ከከተማ ውጪ» አላት ሰዓደትን።

«መቼ ነው የምመለሰው?»

«አትመለሺም።»

«እናቴስ?»

በሩን ከፈተላት። ሻርፗን አነሳች። ዞር ብላ አላየችውም።

ከዚያ ምን አለሽ ተራ ወረደ። መንገድ ላይ የደወለላት፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች የምትመረምረው እምነት የምትባል መርማሪ፣ የቆርቆሮ ምድጃ እየመረጠች ጠበቀችው። ካርዱን አንዱ ምድጃ ውስጥ ጣለላት፤ ምድጃውን ገዝታ ሄደች።

ሱቁ ሲመለስ ማዕረግ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ሚጥሚጣስ?»

«እየመጣች ነው። እስከዚያ መኪናዎ ውስጥ ይስሙት። ወሬው መንዙማው መሃል ገብቷል፤ ከዘለሉት ያመልጥዎታል።»

የሰጠው ሌላ ካሴት ነው፤ ከመንዙማ በቀር ምንም የለበትም። ማዕረግ መኪናው ውስጥ ሆኖ፣ ሳይዘል፣ ሲያዳምጥ ቆየ። የእምነት ሰዎች በሩን ሲከፍቱ ገና የመጀመሪያው ገጽ አላለቀም። ፉርቃን ከሱቁ መስኮት አየው። ደስ አላለውም።

መዝጊያውን ቆልፎ ቁልፉን ለጎረቤቱ ተወ። ቡታጅራ ዘመድ ልጠይቅ ነው አለ። ሌላ ስም የያዘ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አውቶቡሱም ቡታጅራ አይሄድም።

መንገድ ላይ መሐረቡን አወጣ። የበርበሬው ብናኝ ተጣብቆበት ኖሯል። አስነጠሰው።

«ይማርህ ልጄ» አሉ አጠገቡ የተቀመጡት እናት።

«ያኑርዎት» ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘጋው።

እናትየው ትንሽ ጠበቁት። ባለጌ ነው ብለው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።