ለቅሶ ደራሿ

እማዋይሽ ጠዋት ተነስታ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር በነጠላዋ ጫፍ የራሷን ፎቶ መወልወል ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ግንብ ሥር ላስቲክ ወጥረው ከሚያድሩት ሰዎች መካከል እንደሷ ፎቶውን የሚንከባከብ አልነበረም። ማንደፍሮ የሚባል ፎቶ አንሺ ባለፈው ክረምት መጥቶ ሁሉንም ተራ በተራ አነሳቸው፤ ፎቶዎቹን አዳራሽ ውስጥ ለሕዝብ አሳይቶ ሲያበቃ፣ መቼም ደግ ሰው ነው፣ በፍሬም አድርጎ ለየባለቤቱ መለሰ። እነሱም ከየላስቲካቸው በላይ ግንቡ ላይ በሚስማር ሰቀሉት። ዝናብ ሲመጣ ሰዎቹ ይበሰብሳሉ፣ ፎቶዎቹ ግን ፌስታል ለብሰው ያድራሉ።

ሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ፎቶው ከመምጣቱ በፊት አንድ ተሸካሚ እዚያው ሞቶ በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ እህ ያለለት ሰው አልነበረም፤ ጋሪው ድንጋዩ ላይ ሲንቋቋ የሰማችው ድምፅ እስከ ዛሬ ከእማዋይሽ ጆሮ አልወጣም። ልጅ የላት፣ ዘመድ የላት። የምትፈራው ሞቱን ሳይሆን ሳይለቀስላት መቅረቱን ነው። ከፎቶው ወዲህ ግን ለግንቡ ሥር ሰዎችም ወግ ወጣላቸው፤ ሰው ሲሞት ፎቶው ሥር ማዳበሪያ ይነጠፋል፣ በልመና ከተገኘ ስንዴ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ ይለቀሳል። መጥቶ ለተቀመጠ ሁሉ ንፍሮ ይሰጠዋል እንጂ ማን ነህ፣ ከየት ነህ አይባልም። ለቅሶ የመጣ ሰው ይጠየቃል እንዴ?

ሴትየዋ መጀመሪያ የታየችው በጋሽ ለገሰ ፎቶ ሥር ነው። ጋሽ ለገሰ ጫማ ሰፊ ናቸው፤ ያን ቀን ደህና ነበሩ፣ እያፏጩ ይሠሩ ነበር። ሴትየዋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እስከ ዓይኗ ተሸፋፍና፣ ፎቷቸውን ቀና ብላ እያየች ተቀምጣለች። ከሌላ ለቅሶ ስትመለስ ደክሟት ያረፈች መስሏት የእማዋይሽ ጎረቤት ብርቄ እፍኝ ቆሎ ሰጠቻት። በማግስቱ ጋሽ ለገሰ ከመኝታቸው አልተነሱም።

ቀጥሎ ሶፍት አዟሪዋ ሰናይት ፎቶ ሥር ተቀመጠች። ሰናይት ወጣት ናት፣ ጤነኛ ናት፣ ምን ትሆናለች? እማዋይሽ በሴትየዋ አጠገብ ስታልፍ የእርጥብ አመድና የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት፤ ቆም ብላ ብታዳምጥም የነጠላው ጨርቅ በነፋሱ ሲርገበገብ እንጂ ትንፋሽ የሚባል ነገር አልሰማችም። ሰናይትን ማታ ትኩሳት ያዛት፤ ሲነጋ ማዳበሪያው ተነጠፈ። እማዋይሽ የጠረጠረችውን ለብርቄ ብትነግራት፣ ብርቄ የፊት ጥርሷ በወለቀበት በኩል ሳቀች።

“አንቺ ደግሞ! ደግ ሴት መጥታ ብታለቅስልን ጠላሽ?” አለቻት።

ከሰናይት ለቅሶ በኋላ እማዋይሽ ከሰው ቤት ልብስ ስታጥብ ውላ፣ ጣቶቿ በሳሙና እንደተላጡ፣ ወደ አመሻሹ ላይ ስትመለስ ጉም ወርዶ ግንቡን ሊውጠው ደርሶ ነበር። የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ በነፋሱ ይንኳኳል። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ያ ሽታ መጣ፣ ከዚያ የተዘቀዘቀው ነጠላ ታየ። ሴትየዋ የእማዋይሽ ፎቶ ሥር ተቀምጣለች፤ ትከሻዋ ያለድምፅ ይንቀጠቀጣል። መናገሩ ያሳፍራል፣ እማዋይሽ ለአፍታ ያህል ደስ አላት። ለሷም የሚያለቅስላት ሰው ተገኘ! ወዲያው ግን ጋሽ ለገሰና ሰናይት ትዝ አሏት።

“ተነሽልኝ” አለቻት። “እኔ አልሞትኩም።”

ሴትየዋ ዞር አላለችም፤ ዓይኗ ፎቶው ላይ ነው። ፎቶው ባይኖርስ ምን አይታ ታለቅሳለች? እማዋይሽ ያን ሁሉ ጊዜ የወለወለችውን ፎቶ ከሚስማሩ ነቅላ፣ ብርቄ ደጃፍ የሚጨሰው ምድጃ ውስጥ ከተተችው። መጀመሪያ ግንባሯ፣ ከዚያ ዓይኗ አረፋ እየደፈቀ ጠቆረ፤ ጭሱ ጉሮሮዋን ያዛት። ሴትየዋ ሸክም እንደወረደላት ሰው ቀስ ብላ ተነሳች፤ ስታልፍም ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች። እማዋይሽ ፊቷን አየችው፤ ግን ዓይኗን ሳትነቅል ምን እንደሚመስል ጠፋባት። ሴትየዋ በጉሙ ውስጥ ሄደች።

ተረፍኩ ብላ እማዋይሽ እዚያው ምድጃው አጠገብ ዘጭ አለች። እየሳቀች ሳለ ብርቄ ስንዴ ለምና ተመለሰች።

“ብርቄ፣ ሄደች እኮ!”

ብርቄ አልሳቀችም። ሰው እንግዳን አይቶ እንደሚያደርገው አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ከሰናይት ለቅሶ ከተረፈው ንፍሮ አንድ እፍኝ በሁለት እጇ አቀበለቻት።

“እግዜር ያጽናዎት፣ እማማ” አለቻት፤ ማን እንደሆነች ሳትጠይቅ ወደ ላስቲኳ ገብታ ማሳል ጀመረች።

እማዋይሽ ልትጣራ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ብርዱ አንገቷን ሲቆነጥጣት ነጠላዋን ሳብ ብታደርግ ጥለቱ ወደ ላይ ተዘቅዝቆ አገጯ ሥር መጣላት። ከራስጌዋ በላይ፣ ግንቡ ላይ፣ ብርቄ በወለቀው ጥርሷ ትስቃለች፤ እማዋይሽም ፎቶውን ቀና ብላ ስታየው እንባዋ በራሱ ጊዜ መውረድ ጀመረ።