ክፉዋ ምራት ስትወድ

«እጅህ ለምን ይንቀጠቀጣል? አልነክስህም እኮ!»

ይህን ያለችው አገር ምድሩ «ክፉዋ ምራት» እያለ የሚጠራት የቴሌቪዥን ተዋናይት ናት። ያለችውም በዚያ ቀን ሥራ ለጀመረው የድምፅ ባለሙያ ነው። ትንሿን ማይክ ኮሌታዋ ላይ ሊያደርግ ደጋግሞ ሞከረ፤ ደጋግማም ከእጁ አመለጠችው።

«አማትሽን ከቤት ስታባርሪ አይቼ እኮ ነው የፈራሁት» አላት።

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቅ በኋላ የሰውዬው ልብ ወደ ቦታው አልተመለሰም።

በተከታታይ ድራማው ውስጥ የባሏን እናት በገዛ ቤታቸው መቆሚያ መቀመጫ ያሳጣች ምራት ሆና ትሠራለች። ትወናው ከመሳካቱ የተነሳ ቲማቲም ሻጯ እንኳ «ለአንቺ የሚሆን የለኝም፤ ሂጂ!» ብላታለች። «ከጠሉኝ ሥራዬን ሠርቻለሁ ማለት ነው» ትላለች፤ ቤቷ ስትገባ ግን ብቸኝነቱ ይከብዳት ነበር። እሱ ከመጣ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ተቀምጠው አንድ ዳቦ ይካፈላሉ። ፍቅር ካለ አንድ ባቄላ ለሁለት ይበቃል አይደል የሚባለው?

ፍቅራቸው ሲጠና ለእናቱ ሊያስተዋውቃት ወሰዳት። እናትየው አንድ ልጃቸውን በልብስ ስፌት ያሳደጉ፣ ከዚያ ድራማም አንድ ክፍል የማያመልጣቸው ሴት ናቸው። በሩን ሲከፍቱ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንቺ! ያቺን ምስኪን አማትሽን የት ጥለሻት መጣሽ?»

ተዋናይቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም።

«እማ፣ ድራማ እኮ ነው!» አለ ልጅ።

«ድራማ መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ሞኝ አደረግከኝ እንዴ? የፈራሁት ሌላ ነው። እንባዋን እንደ ቧንቧ ስትፈልግ ትከፍተዋለች፣ ስትፈልግ ትዘጋዋለች። ነገ እወድሃለሁ ስትልህ፣ እውነቷን መሆኑን በምን ታውቃለህ?»

በድራማው አማቷን ከቤት የምታባርረው ሴት አሁን ራሷ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሸሸችው። ማይኩን ሲያደርግላት እንኳ ቀና ብላ አታየውም።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እናትህ ልክ ናቸው... ማረጋገጫ የለኝም።»

«እኔ መች ጠየቅኩሽ?»

«አንተ ባትጠይቅም፣ እሳቸው እየጠረጠሩኝ መኖር አልችልም።»

ቤቱ ሲገባ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄደ። «እማ፣ እስካሁን በዓይንሽ አይተሽ ፈረድሽባት። ነይና አንድ ቀን በእኔ ጆሮ ስሚያት!» አላቸው። እናት አጉረመረሙ። ቀረጻውን ለማየት ግን ጓጉተው ነበርና ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው መጡ።

ስቱዲዮው ጥግ ላይ ወንበር ሰጥቶ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ደፋላቸው። የዕለቱ ቀረጻ ምራቲቱ አማቷን ገፍትራ ስታበቃ፣ ባሏ ሲገባ «መታችኝ!» ብላ የምታለቅስበት ነበር። አለቃቀሷ ጉድ ያሰኛል! እንባው ይወርዳል፤ ቃላቱ ግን አንድ በአንድ ጥርት ብለው ይሰማሉ። እናት በአንድ ጊዜ ተናደዱም፣ አደነቁም።

«በቃ፣ እረፍት!» አለ ዳይሬክተሩ። ልጅ ገመድ ሊጠቀልል ሲሄድ ማይኩን መዝጋት ረሳ።

ተዋናይቷ አማቷን ሆነው የሚሠሩትን አንጋፋ ተዋናይት ስታናግር በማዳመጫው ተሰማ።

«እማማ፣ ስገፈትርዎት አሳመምኩዎት?»

«ኧረ ደህና ነኝ ልጄ። አንቺ ግን ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ትወናን ጨርሶ ልተወው ነው... ዛሬ ለዳይሬክተሩ እነግረዋለሁ።»

«ምን ነካሽ? ለትልቅ ፊልም ተመርጠሽ የለ እንዴ!»

«እናቱ...» አለች። ድምጿ ተሰበረ። ትንፋሿን ውጣ እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ተቋረጠ። «እኔ እናት የለኝም... እሱንም፣ እሳቸውንም... አብሬያቸው...» መጨረስ አቃታት።

እናትየው ማዳመጫውን አወለቁ። ቅድም ያን ሁሉ እንባ ስታወርድ አንድ ቃል ያልጎደላት ሴት፣ አሁን ያለ እንባ አንድ ዓረፍተ ነገር አቅቷታል። ልዩነቱ ገባቸው። ተነስተው በገመዱ እየተደናቀፉ ወደ እሷ ሄዱ። ስታያቸው ደነገጠች።

«ሥራሽን ብትተዪ ወዮልሽ!» አሉ። «እኔ በቴሌቪዥን ማንን ልረግም ነው?» ከዚያ እጇን ያዙ። «ሰማሁሽ ልጄ። ይቅር በይኝ።»

አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ስቅስቅ ብላ ስታለቅስ ለቀረጻው የተቀባችው ቀለም በጥሩ ቀሚሳቸው ላይ ቀረ። ልጅ ገመዱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ፊልሙን ሠራች፤ ድራማውንም አልተወችም። እናትየው አሁንም በቴሌቪዥን ሲያዩዋት «እባብ!» ይሏታል፤ ወደ ማዕዱ ዞር ብለው ደግሞ አጠገባቸው ለተቀመጠችው «በደንብ ብዪ እንጂ ልጄ!» ይሏታል።

የጋብቻቸው ዕለት መዝጋቢው «በፈቃድሽ ነው የምታገቢው?» ብሎ ጠየቃት። ስንት ገጽ ቃለ ተውኔት በቃሏ የምትይዘው ሴት፣ አንዲት «አዎ» ከአፏ አልወጣ አለቻት። ሰዉ ተንሾካሾከ።

«አትቸኩሉባት!» አሉ እናት ከመቀመጫቸው ተነስተው። «እውነቷን ሲሆን ነው እንዲህ የሚያደርጋት!»

በመጨረሻ «አዎ» ቀጥና፣ ተሰባብራ ወጣች። ከኋላ የተቀመጡት አልሰሟትም። የድምፅ ባለሙያው ግን ሰማት።