ዓሣ የሌለበት ውሃ

ይህ የሆነው በጠራራ ቀን ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ ይህን የምነግራችሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ሰው ሁሉ "ጨለማ ነበር፣ ደክሞህ ነበር፣ ቀምሰህ ነበር" ስለሚል ነው።

ጨለማ አልነበረም። አልደከመኝም። መጠጥም አላውቅም። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፤ ጎረቤት ምንጣፍ ያራግፋል... እኔ ደግሞ የሰው ሳሎን ውስጥ ተንበርክኬ በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ሥራዬ የዓሣ ገንዳ መንከባከብ ነው። በየቤቱና በየቢሮው እየዞርኩ መስታወት እወለውላለሁ፣ ውሃ እቀይራለሁ፣ የታመመ ዓሣ አክማለሁ። አክስቴ "ለመሆኑ መርፌውን የት ላይ ነው የምትወጋቸው?" እያለች ትስቅብኛለች።

የዚያን ቤት አባወራ "ጋሼ" እላቸው ነበር። ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው። የገንዳውን መቀመጫ በገዛ እጃቸው ሠርተውታል። የቀኝ እጃቸውን አመልካች ጣት ከግማሹ መጋዝ ወስዶታል።

"ለእንጨቱ ቅምሻ ሰጥቼው ነው" ይሉ ነበር።

ገንዳው ትልቅ ነው፤ ክዳን የለውም፤ ውሃው የጨው ውሃ ነው። ሦስት ዓሦች ነበሩበት፤ ሁለቱ ብርቱካናማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁ የሚመስሉ፣ አንዱ ጠፍጣፋና እንደ ሎሚ ቢጫ። ከእነሱ ጋር አንድ ሽሪምፕ፣ ጣት የሚያህል እግረ ብዙ የባሕር ፍጥረት፣ ይኖር ነበር። ቀይ ነው፤ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር አለው፤ ሪዙ እንደ ክር ቀጭንና ረጅም ነው።

ይህ ዓይነቱ ሽሪምፕ የሌላውን ገላ በመልቀም ነው የሚኖረው። ዓሣ ሲመጣለት ላዩ ላይ ወጥቶ ተባይና የሞተ ቆዳ ይለቅምለታል። የሰው እጅም ከሰጣችሁት አይንቅም።

ጋሼ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እጅጌያቸውን ጠቅልለው ቀኝ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ይከቱ ነበር። ሽሪምፑ ከድንጋዩ ላይ ወርዶ ጥፍራቸውን አንድ በአንድ ያጸዳላቸዋል። ስሙንም "ጥፍር ቆራጩ" ብለውት ነበር።

"ይኸውልህ፣ ወረፋ አያስጠብቅ፣ ወሬ አያበዛ!" ይሉኛል።

ከዚያ ጋሼ ታመሙ። ብዙም አልቆዩ፤ ሞቱ። መጨረሻ ላይ ለባለቤታቸው የተናገሩት "ዓሦቹን አደራ" የሚል ነበር አሉ።

ለቅሶው ገና ሳይበርድ ልጃቸው ደወለችልኝ። ነርስ ናት፤ ቆፍጠን ያለች ሴት። የዚያን ቀን ግን ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ዓሦቹ ላይ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል" አለችኝ። "እማዬ ከገንዳው ሥር አልነሳም ብላለች። እህል የሚባል አትቀምስም። እነሱ ከሞቱ እሷም አትቆይልኝም... እባክህ ድረስልኝ።"

ደረስኩ።

ዓሦቹ ገላቸውን ከድንጋዩ ጋር ያፋትጋሉ፤ ትንፋሽ አጥሯቸው ያለከልካሉ። ክንፋቸውና ጎናቸው ነጭ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆኗል።

እናትዮዋ፣ እማማ ነው የምላቸው፣ ከገንዳው ፊት ለፊት ወንበር ላይ ነበሩ። ጭናቸው ላይ የታጠፈ ፎጣ አለ።

"ልጄ፣ 'አደራዬን በላሽ' እንዳያሰኙኝ" አሉኝ።

"አይሞቱም እማማ። የማውቀው በሽታ ነው።"

እውነትም አውቀዋለሁ። ጥገኛ ተባይ ነው። ከዓሣው ገላ ይበላል፤ ሲጠግብ ረግፎ አሸዋው ላይ ይራባል፤ ልጆቹ ደግሞ ዓሣ ፍለጋ ይወጣሉ። ካላገኙ በረሃብ ያልቃሉ።

ስለዚህ ሕክምናው ሁለት ነገር ነው። ዓሦቹን አውጥቶ በሌላ ገንዳ፣ መዳብ ባለበት መድኃኒት ማከም፤ ዋናውን ገንዳ ደግሞ ተባዩ ተርቦ እስኪያልቅ ከሁለት ወር በላይ ያለ ዓሣ መተው። መዳብ ሽሪምፕ ይገድላል፤ በዚያ ላይ ተባዩ ሽሪምፕ አይበላም። ጥፍር ቆራጩን እዚያው ተውኩት።

ዓሦቹን ጓዳ ውስጥ ባዘጋጀሁት ትንሽ ገንዳ አስገባኋቸው። ከመሄዴ በፊት እናትና ልጅን አስጠነቀቅኩ።

"ይህ ትልቁ ውሃ ውስጥ ምንም ገላ እንዳይገባ። እጅም ቢሆን።"

እማማ ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔ የማንን እጅ ልከልክል?" አሉ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም።

ሕክምናው ሠመረ። መድኃኒቱን ቀስ በቀስ ከፍ አደረግሁት፤ በየጊዜው እየመጣሁ ውሃውን መረመርኩ። ነጠብጣቡ ረገፈ። ቢጫው እጄን ሲያይ ምግብ መስሎት መሮጥ ጀመረ። እማማም አንዳንድ ነገር መቅመስ ጀመሩ።

ግን... ትንንሽ ነገሮች ነበሩ።

በመጣሁ ቁጥር ከትልቁ ገንዳ ፊት ያለው ምንጣፍ እርጥብ ነው። ገንዳው ያፈሳል ብዬ ጥግ ጥጉን በጣቴ ዳሰስኩት። ደረቅ ነው።

ሽሪምፑም ነበር። የሚያጸዳው ዓሣ ስለሌለ በረሃብ እንዳይሞት ምግብ እጥልለት ነበር። አይነካውም፤ በሚቀጥለው ስመጣ ምግቡ አሸዋው ላይ በስብሶ አገኘዋለሁ። እሱ ግን ወፍሯል።

"ምን እየበላ ነው?" አልኳት ነርሷን በሹክሹክታ።

"እኔን ትጠይቀኛለህ? ሐኪሙ አንተ!"

"እማማ እጃቸውን እየከተቱ ይሆን?"

"ጠይቄያታለሁ። 'የእኔ አይደለም' አለችኝ።"

"የእኔ አይደለም ማለት?"

"እንጃ" አለች። "ኀዘን ነው። እንዲሁ ትላለች።"

ያ ቀን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ነርሷ ሥራ ላይ ነበረች። እማማ ወንበራቸው ላይ ናቸው። እኔ ከገንዳው ሥር ተንበርክኬ የቀዳሁትን ውሃ በብልቃጥ እመረምራለሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር አለ።

"እንዳትንቀሳቀስ" አሉኝ እማማ፤ ቀስ ብለው።

"ምን ሆነ?"

"ዝም በል... ሥራ ላይ ነው።"

ቀና አልኩ።

ጥፍር ቆራጩ የውሃው መሃል ላይ ነበር። ድንጋዩ ላይ አይደለም። መስታወቱ ላይም አይደለም። መሃል ላይ... ቆሟል።

እየዋኘ አልነበረም። ሽሪምፕ ሲዋኝ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እግሮቹ ተዘርግተው የሆነ ነገር ረግጠዋል። ሪዙ በውሃው ይወዛወዛል፤ ገላው ግን ንቅንቅ አይልም።

አንድ ቦታ ላይ ጎንበስ ብሎ ለቀመ፣ ለቀመ።

ከዚያ ተሻገረ። አጠገቡ ወዳለው አይደለም፤ አንድ ቦታ ዘሎ ነው የተሻገረው። ጎንበስ አለ፤ ለቀመ።

ቀጥሎ ያለው ላይ ሄደ። ከዚያ ቀጥሎ ወዳለው፣ አነስ ወዳለችው...

አራት ቦታ። በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የአንድ ጣት ክፍተት አለ።



"ፓምፑ ነው" አልኩ። "የሚገፋው ውሃ ነው የያዘው።"

ፓምፑን አጠፋሁት። ውሃው ጸጥ አለ። የሽሪምፑ ሪዝ መወዛወዙን ትቶ ወደ ታች ተንጠለጠለ።

እሱ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው። 

"ዓሦቹን ካወጣህ ወዲህ። ቦታ አገኘ መሰለኝ።"

"ለልጅዎ ነግረዋታል?"

"ነርስ ናት። ብነግራት ክኒን ነው የምታዝልኝ።"

ያን ጊዜ ሽሪምፑ ሥራውን ጨርሶ መሰለኝ፣ የቆመበት ነገር ከሥሩ እንደሸሸ ሁሉ ወደቀና ወደ ድንጋዩ ገባ። የውሃው ገጽ ተንቀሳቀሰ።

ጠብ... አለ ምንጣፉ ላይ።

ጠብ... ጠብ...

እማማ ፎጣውን ከጭናቸው አንስተው በሁለት እጃቸው ዘረጉት።

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽማግሌ እናት ባዶ አየር ላይ ፎጣ ዘርግተው ሲጠብቁ ማየት አልፈለግሁም። ባዶ ባይሆንስ ብዬ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ብዬ?

ጊዜው ሞላ፤ እንዲያውም ለጥንቃቄ ብዬ ጨምሬበታለሁ። ዓሦቹን ወደ ቤታቸው መለስናቸው። ነርሷ አጨበጨበች።

"እማዬ፣ ይኸው! አደራሽን አስረከብሽ" አለቻት።

እማማ ፈገግ እንኳ አላሉም። ገንዳውን እያዩ "ሊጣበባቸው ነው" አሉ።

ሳምንት ሳይሞላ ስልኬ ጮኸ።

"ነጠብጣቡ ተመልሷል" አለች ነርሷ። "ሁሉም ላይ!"

ስልኩን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ሊሆን አይችልም። ተባዩ ያን ያህል ጊዜ ያለ ገላ አይቆይም። ከውጭ ያስገባነው ዓሣ የለም፤ የኛዎቹም ተፈውሰው ነው የተመለሱት። ተባዩ በሕይወት ከቆየ እዚያ ውሃ ውስጥ ሲበላ ከርሟል ማለት ነው...

የማንን ገላ?

በዚያው ቀን ሄጄ ዓሦቹን አወጣኋቸው። ብርቱካናማዎቹ ለመዋኘት እንኳ አቅም አልነበራቸውም።

"አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው" አልኳቸው። "ውሃው ይደፋ። አሸዋው ይጣል። ድንጋዩ ፀሐይ ላይ ይድረቅ።"

"ይደፋ!" አለች ነርሷ። "ዛሬውኑ! ባልዲ አመጣለሁ።"

እማማ ከወንበራቸው ተነሥተው ገንዳውን ተደገፉት።

"አይነካም።"

"እማዬ፣ ዓሦቹ ይሞታሉ እኮ! አደራ ነው ስትይ አልነበር?"

"ነበር።"

"ታዲያ?"

 የእማማ እንባ አገጫቸው ላይ ደረሰ፤ አልጠረጉትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዓሦቹን ውሰዳቸው፣ ልጄ። አንተ ዘንድ ይኑሩ። አደራ በላች ካሉም ይበሉኝ... ገንዳውን ብቻ ተዉልኝ።"

"ባዶ ገንዳ ምን ሊያደርግልሽ ነው?" አለች ልጃቸው።

እማማ ገንዳውን አልለቀቁም። እኔን አዩኝ። የማውቀውን እንደማውቅ ያውቃሉ።

"ይሁንላቸው" አልኩ።

ዓሦቹን ወስጄ ቤቴ አከምኳቸው። ዳኑ። እስከ ዛሬ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ነጠብጣብ አልወጣባቸውም።

የእማማን ገንዳ ግን መንከባከቤን አልተውኩም። የጨዉን መጠን አስተካክላለሁ፣ መስታወቱን እወለውላለሁ። ነርሷ መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር፤ በኋላ ተወችው። "መብላት ጀምራለች፣ እንቅልፍም ይወስዳታል፤ ባዶ ውሃ ካስደሰታት እኔ ምን አገባኝ" አለችኝ።

በቀደም ሄጄ ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ነርሷ ናት፤ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ።

"ተኝታለች" አለች። "ድምፅ አታሰማ።"

እማማ ወንበራቸውን ከገንዳው አርቀው ወደ መስኮቱ ወስደውታል። ፀሐይ እየሞቃቸው አንቀላፍተዋል። ሁለቱም እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ደረቅ ነው።

አሥር ሰዓት ሆነ።

ጥፍር ቆራጩ ከድንጋዩ ወርዶ ውሃው መሃል ቆመ። አንድ። ዘለለ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ለምጄዋለሁ ልበላችሁ? አይለመድም። ግን ዓይኔን መጨፈን ትቻለሁ።

ሲጨርስ ይወድቃል ብዬ ጠበቅሁ።

አልወደቀም።

ወደ ጎን ተራመደና... ሌላ ነገር ላይ ወጣ። እንደ አዲስ ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ።

መስኮቱ ጋ የእማማ ትንሿ ጣት ብድግ አለች።

ሽሪምፑ ተሻገረ። የቀለበት ጣታቸው ብድግ አለ።

ተሻገረ። የመሃሉ።

ተሻገረ። አመልካቹ።

"እያለመች ነው" አለች ነርሷ ከኋላዬ፤ በሹክሹክታ፤ ደስ ብሏት።

ሽሪምፑ አውራ ጣታቸው ላይ ደርሶ ነበር። እማማ በእንቅልፋቸው ፈገግ አሉ፤ ጣቶቻቸውም የሰው እጅ እንደሚይዝ ሰው ቀስ ብለው ተጨበጡ...

ውሃው ውስጥ፣ ጥፍር ቆራጩ የቆመበት እንደ እጅ ተጨበጠበትና ተስፈንጥሮ ወደቀ።